ጠዋት ለዊንዶውስ፣ ከሰዓት ለሊኑክስ

ቀዝቃዛው መጋዘን ሞቋል።

ኢንስፔክተሯ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነበር የመጣችው፤ እዚያ ውስጥ ቀኑ ምንም ይሁን ምን ብርዱ አይለወጥም ብለዋት ነበር። ወፍራሙን በር ስትገፋው ግን ፊቷን የዳበሳት እርጥብና የታፈነ ሙቀት ነው። ከመደርደሪያዎቹ ጠርዝ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የታችኞቹ ካርቶኖች ርሰው ሆዳቸው ተነፍቷል። አንዱን ከፍታ አየች። ትናንሾቹ ብልቃጦች አንድም ሳይሰበር በየቦታቸው ተደርድረዋል።

"ደህና ይመስላሉ" አለች።

"መምሰሉንማ ይመስላሉ" አለ ሥራ አስኪያጁ። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፤ ስልኩ በእጁ ውስጥ ይጮሃል፣ እሱ ግን አያነሳውም። "ኢንሱሊን ነው። አንዴ ከሞቀ መልሰው ቢያቀዘቅዙት አይድንም። ክትባቱም እንደዚያው። በዙሪያችን ያሉ ሆስፒታሎች ሁሉ የሚወስዱት ከእኛ ነው። ይኸው እየደወሉ ነው። ምን ልበላቸው?"

"ማቀዝቀዣ ይበላሻል። ለማቀዝቀዣ ደግሞ ጠጋኝ እንጂ ፖሊስ አይጠራም።"

"ማቀዝቀዣው ሲቆም የመጀመሪያው አይደለም። ማንቂያ አለን። መጋዘኑ ሞቅ ማለት ሲጀምር ኮምፒውተሩ በየስልካችን መልእክት ይልካል፣ ሮጠን እንደርሳለን። ትናንት ማታ አልላከም። መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም አንድ ሰው አጥፍቶታል። እጁን ሰዶ፣ አውቆ።"

ኢንስፔክተሯ ካፖርቷን ፈታች። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው፤ ማጥፋቱንም ቢሆን አንዳንድ ቀን ትረሳዋለች። ገና ከጅምሩ ራሷን ያመማት ጀመር።

*

የሰርቨር ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ የማራገቢያ ድምፅ ለአፍታ አያቋርጥበትም። ሰርቨር የሚሉት ሌሎቹን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያገለግለውን ዋናውን ማሽን ነው። ቁልፉ ያለው በሦስት ሰዎች እጅ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሦስቱንም በስማቸው መጥራት ከተወ ቆይቷል።

አንደኛዋ መስኮት ትባላለች። ዊንዶውስን የሚነካባት ሰው ዕለቱን በሰላም አይውልም። ሁለተኛው ፔንግዊን ነው፤ የሊኑክስ ምልክት የሆነችውን ወፍ በላፕቶፑም፣ በሻይ ኩባያውም፣ በሞተር ሳይክል ቆቡም ላይ ለጥፏታል። ሦስተኛው አለቃቸው ናቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ጋሼ የሚላቸው።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ጋሼ በጎልማሳነታቸው የተከሉት የድሮው ሰርቨር ይነሳ ሲባል ነው። በምትኩ የሚመጣው ማሽንና የቅርንጫፎቹ ኔትወርክ በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በሚያንቀሳቅስ ዋና ፕሮግራም፣ ይሥራ? መስኮት ዊንዶውስ አለች፤ ፔንግዊን ሊኑክስ አለ። ጭቅጭቁ ምሳ ክበብ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ይፈተኑ ብሎ ፈረደ። ፈተናው ፍትሐዊ እንዲሆን ሁለቱም ሲስተሞች በአንድ ማሽን ላይ ተጫኑ። ብረቱ አንድ፣ ክፍሉ አንድ፣ ኬብሉ አንድ፤ የሚለየው ሲስተሙ ብቻ። ጠዋት በዊንዶውስ ይነሳል፤ ከምሳ በኋላ ጠፍቶ በሊኑክስ ይነሳና እንደዚያው ያድራል።

"ግልጽ ነው አለቃ" አለ የፖሊስ ቴክኒክ ባለሙያው፣ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ። "ፕሮግራሙ የጠፋው በሊኑክስ በኩል ነው። ኮምፒውተሩ የተሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ሰዓቱ ትናንት ከምሳ መልስ ነው። ከምሳ መልስ ደግሞ መላው መሥሪያ ቤት አዳራሽ ተሰብስቦ የመስኮትን ገለጻ ሲሰማ ነበር። ፔንግዊን ብቻ ነው የቀረው። እዚህ፣ ብቻውን፣ ከዚህ ማሽን ጋር።"

"ሦስቱም ፓስወርዱን ያውቁታል?"

"ፓስወርዱማ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።"

ኢንስፔክተሯ ወደ ግድግዳው ዞራ አየች። እውነትም ተለጥፏል። ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

"ሙያው ይሄ የሆነ ሰው ለምን ራሱን እንዲህ ያጋልጣል? መዝገቡን ማጥፋት አይችልም?"

"ይችላል። እንዲያውም በሊኑክስ ከሆነ ከዊንዶውስ ይልቅ..." ብሎ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። ፊቱ በርቷል። "እኔ እንኳ ብትጠይቂኝ ለሰርቨር የሚሻለው..."

"አንተም?"

ባለሙያው ወንበሩን መለሰ።

እሷ ኬብሎቹን ማየት ያዘች። ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣው ሁሉ በጥቁር ማሰሪያ ተጠፍሮ፣ እንደ ተጎነጎነ ጸጉር ተስተካክሎ ይወርዳል። አንድ ቢጫ ኬብል ብቻ ከጉንጉኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ተሰክቷል፤ ማሰሪያው ግን ተቆርጧል። የማሰሪያው ቁራጭ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ አፉ የተስተካከለ፣ አጭር፣ ጥቂት የጎበጠ ቁርጥ ነው። ቢላዋ እንዲህ አይቆርጥም። ቁራጩን በትንሽ ከረጢት አድርጋ ኪሷ ከተተችው።

*

"ትናንት ከምሳ በኋላ የት ነበርሽ?"

"አዳራሽ። መላው መሥሪያ ቤት ፊት ቆሜ" አለች መስኮት። መነጽሯ ትልቅ ነው፤ ስትናገር በጣቷ ወደ ላይ ትገፋዋለች። "ያልኳቸውም ይሄን ነው፤ ሠራተኞቻችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቁት ዊንዶውስን ነው። ሲበላሽ የምደውልለት ድርጅት አለ። የእሱ ሊኑክስ ሲበላሽ ለማን ልደውል? ለፔንግዊን? እሱ እንደሆነ ስልኩን..."

"የጠየቅኩሽ የት እንደነበርሽ ነው።"

"እየመለስኩ እኮ ነው! የፈቃድ ክፍያ አለው ይላል፤ አለው። ነጻ ነው የሚለውስ? የሚያውቀው ሰው ቢለቅ ምን ሊውጠን ነው? ይሄ ወጪ አይደለም?"

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ጠዋትስ?" የሰውን የሙሉ ቀን ውሎ መጠየቅ ልማዷ ነው፤ ባልደረቦቿን ያሰለቻል፣ እሷን ግን ከድታት አያውቅም።

"ጠዋት ማሽኑ የእኔ ነው። ያለ ምንም ችግር ሠራ።"

"ያለ ምንም ችግር?"

መነጽሯን ገፋችው። "ያለ ምንም ችግር አልኩ።"

"ይሄን ማሰሪያ ማን ቆረጠው?"

መስኮት ቁራጩን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። "ሌላ ማን አለ? እሱ ነዋ። እኔ አስራለሁ፣ እሱ ይፈታል። የሦስት ዓመት ኑሯችን ይሄ ነው።"

*

ፔንግዊን የታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ ኮሪደር ላይ፣ በአግዳሚው ወንበር ጫፍ፣ አንዲት ሴት የታጠፈ ልብስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሯን ስታይ ብድግ አለች።

"የፔን... የልጁ እህት ነኝ። ታላቁ። እናታችን ካለፈች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።" ልብሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። "ነገ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል አሉኝ። እውነት ነው?"

"ማስረጃው ባለበት ከቆየ፣ አዎ።"

"ከተላለፈማ አለቀለት። የበሽተኛ መድኃኒት ያበላሸ ተብሎ ማን ሥራ ይሰጠዋል? የማንስ ቤት ይገባል? እሱ ጨቅጫቃ ነው፣ ይሄን አልክድም፤ ሰርጌ ላይ እንኳ ከሙሽራው ወገን ጋር ስለ ኮምፒውተር ተጣልቷል። ክፉ ግን አይደለም።"

ኢንስፔክተሯ ልብሱን ተቀበለቻት።

ፔንግዊን ጠባቧ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። ገና ከመግባቷ፦

"ጣቢያችሁ የሚጠቀመው ምን ሲስተም ነው?"

"እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ!"

"አይ፣ መዝጋቢያችሁ ስሜን ሲያስገባ ኮምፒውተሩ ሁለቴ ደረቀበት። ሊኑክስ ቢሆን ኖሮ..."

"አንተ ሰው!" ወንበሩን ጎትታ ተቀመጠች። "የስንት በሽተኛ ኢንሱሊን ውሃ ሆኗል። እህትህ ውጭ ተቀምጣለች። አንተ ታስረሃል። ገብቶሃል?"

ገባው መሰለ፤ ቁልቁል ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"አላጠፋሁትም" አለ። "ከምሳ በኋላ ገባሁ፣ ማሽኑን በሊኑክስ አስነሳሁ፣ የመጋዘኑ ሙቀት ስክሪኑ ላይ ልክ ነበር፣ ሄድኩ። መልእክት መላኪያው መኖሩን አላየሁም። ለምን አያለሁ? ከትናንት ወዲያ ማታ ሠርቷል።"

"ማንቂያው የሚሠራው በድሮው ሰርቨር ነበር አሉኝ። ማን አዛውር አለህ?"

"ማንም። ቀን ቀን እዚያው ነው። ማታ ማታ ብቻ ወደ ሙከራው ማሽን አዛወርኩት። ጋሼን ላስደንቃቸው ነበር።" አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። "ማንቂያውን የጻፉት እሳቸው ናቸው። የድሮው ሰርቨር ሲወገድ ሥራቸው አብሮ የሚጣል መስሏቸው ዝም ብለዋል፤ ከሰው መጫወት ትተዋል። የእሳቸው ሰርቨር የሚሠራበት የድሮ ዩኒክስና የእኔ ሊኑክስ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቋንቋቸው አንድ ነው። ፕሮግራሙን አንድ ፊደል ሳልቀይር ወሰድኩት፣ ሠራ። ዛሬ ተራው የእኔ ነበር፤ ሰው ሁሉ ባለበት፣ 'ጋሼ፣ ይኸው፣ የትም አይሄድም' ልላቸው ነበር።"

"ትናንት ጠዋት የት ዋልክ?"

"ግቢ፣ ሾፌሮቹ ዘንድ። መኪኖቹ ላይ መሣሪያ ስገጥም። ጠይቂያቸው፤ ሲስቁብኝ ነው የዋሉት።"

"ቢጫውን ኬብል ማን ፈታው?"

"እሷ ናታ! የእኔ ተራ ሲደርስ እንዲደናቀፍ!"

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ብትጥለው ደስ ባላት ነበር።

*

የጋሼ ክፍል ጸጥ ያለ ነው። ጥግ ላይ የድሮው ሰርቨር ቆሟል፤ ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ፊደሎች። ጋሼ ተነስተው ወንበር ሳቡላት፤ እስክትቀመጥም አልተቀመጡም።

"ስለ ሁለቱ ሲስተሞች ልጠይቅዎት አልመጣሁም" አለች ቀድማ።

"ብትጠይቂኝም አላውቃቸውም ልጄ።" ፈገግ አሉ። "የልጆቹ ነገር ነው። እጄንም አላስነካ። እኔ የማውቀው ይቺን ብቻ ነው።"

ከነጋ ጀምሮ የተወጠረው ትከሻዋ ረገበ። የጠየቀችውን ብቻ መለሱላት። ትናንት ከምሳ በኋላ አዳራሽ፣ የፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል። ጠዋት እዚህ ክፍላቸው። ከመስኮትና ከፔንግዊን ለማንም አላደሉም።

"ምኗን ነው የሚወዷት?" አለች ወደ ሰርቨሩ እያየች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፏ ይወጣል ብላ አላሰበችም።

"አትለፈልፍም።" ጋሼ ወደ ቁልፎቹ ጎንበስ አሉ። "ይቺን የማትረባ ፋይል ላጥፋት እንበል።" ሁለት ፊደል መቱ፣ የፋይሉን ስም ጻፉ፣ ፋይሉ ጠፋ። "አየሽ? 'እርግጠኛ ነህ ወይ' አትልም። ያልካትን ታምንሃለች።"

ስልካቸው ከአጠገባቸው ተቀምጧል። ማንቂያው መጀመሪያ መልእክት የሚልከው ለእሳቸው፣ ቀጥሎ ለጥበቃው ነው። "ስንት ሌሊት ቀስቅሳኛለች" አሉ።

"ትናንትስ?"

"ትናንት ተኛሁ።" እጆቻቸውን አዩ። "ልጁን ተዉት። ክፉ ልጅ አይደለም" አሉ።

ኢንስፔክተሯ ስትወጣ ራስ ምታቷ ለቋት ነበር።

*

የቀረው ግማሽ ቀን ያለቀው በጥበቃው ነው። ስልኩን ትናንት ማታ አጥፍቶት እንደነበር ታወቀ። መጀመሪያ ካደ። ቀጥሎ ባትሪው ነው አለ። ከዚያ ስልኩን ሚስቱ ወስዳው ነው አለ። በመጨረሻ ላብ እያጠመቀው እውነቱን አወጣ፤ ለሌላ መሥሪያ ቤትም በዚያው ሌሊት ጥበቃ ተቀጥሮ ስለነበር እንዳይደወልበት ነው ያጠፋው። ኢንስፔክተሯ በሩን ዘግታ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። ስልኩ ቢበራም የሚደርሰው መልእክት አልነበረም። ውሸቱ ውሸት ነው፤ ለእሷ ግን አንዳች አልጠቀማትም።

ያን ጊዜ አዛዧ ደወለ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ኮምፒውተሩ ተናግሯል፣ ሰውየው ብቻውን ነበር፣ ማንቂያውንም ያለ ፈቃድ ያዛወረው እሱ ነው። ሆስፒታሎቹ በእኔ ላይ እየጮሁ ነው። ጠዋት ፋይሉን አስተላልፊ።"

"አንድ ኬብል አልገባኝም።"

"ምን?"

"ኬብል።"

አዛዧ ስልኩን ዘጋው።

*

በማግስቱ ማለዳ መስኮት በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ጠበቀቻት። "አሁን ደግሞ ምን?"

"ቢጫው ኬብል ምን ይሠራል?"

"ማሽኑን ከኔትወርኩ ያገናኛል።"

"ቢነቀል ምን ይቋረጣል?"

መስኮት እንደ ዘገምተኛ ተማሪ አየቻት። "ኔትወርኩ ነዋ። ቅርንጫፎቹ አያገኙትም። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳም ማስታወቂያው እኛ ስክሪን ላይ አይመጣም።"

"ቆይ። ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ሲቀየር ሁላችሁም ስክሪን ላይ ይታያል?"

"ኬብሉ ከተሰካ፣ አዎ።"

ኢንስፔክተሯ ወደ ቢጫው ኬብል ዞረች፤ ማሰሪያውን የቆረጠው ሰው ኬብሉን ነቅሎ መልሶ ሰክቶታል። ፔንግዊን ከምሳ በኋላ ማሽኑን የቀየረው በራሱ ተራ ነው፤ ሁሉም የሚጠብቀውን ነገር ለምን ይደብቃል? ኬብል የሚነቅል ሰው ተራው ባልሆነ ጊዜ የሚቀይር ሰው ነው። ተራው የዊንዶውስ የሆነበት ጊዜ ደግሞ ጠዋት ነው። መዝገቡ ግን ከምሳ በኋላ ይላል። ራስ ምታቷ ተመለሰ።

"ባለሙያችን ቅጂውን ወስዷል፤ ማሽኑን መንካት ትችያለሽ። በዊንዶውስ አስነሺው፣ ኬብሉ ተሰክቶ። ጥሩ። አሁን ኬብሉን ንቀዪና በሊኑክስ አስነሺው።"

መስኮት ፊቷን አጨማዳ ታዘዘች። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ፊደሎች ተንጋጉ፣ ሊኑክስ ተነሳ። ኢንስፔክተሯ ስክሪኑን አየች፤ የእጅ ሰዓቷን አየች፤ እንደገና ስክሪኑን አየች።

"ይሄ ሰዓት ልክ አይደለም።"

"ኧ፣ እሱ? ሁሌ እንደዚህ ነው።"

"ሁሌ እንዴት ነው?"

"ብረቱ ሆድ ውስጥ ትንሽ ሰዓት አለች። ዊንዶውስ በእኛ ሰዓት ይሞላታል። ሊኑክስ ደግሞ የዓለም የጋራ ሰዓት ይመስለውና የእኛን ልዩነት ይጨምርባታል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ያህል ወደፊት ይሮጣል። ኬብሉ ሲሰካ ትክክለኛውን ከኔትወርኩ ወስዶ በራሱ ይስተካከላል። ማን ልብ ይለዋል?"

"ማን ልብ ይለዋል!" ኢንስፔክተሯ ሳታስበው ጮኸች። "በዚህ ሰዓት ሰው ታስሯል! ከትናንት ጀምሮ ስለ ፈቃድ ክፍያ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ወፍ ስትግቱኝ ውላችሁ፣ ይሄን አንዳችሁ አትነግሩኝም?"

"አልጠየቃችሁንማ!"

ለባለሙያው ደወለች። መስመሩ ላይ ቁልፍ ሲመታ ይሰማል። "አለቃ... ያን ጊዜ ሲነሳ ሰዓቱን ከኔትወርክ አላስተካከለም። ሌሎቹ ቀኖች ላይ ሁሉ አስተካክሏል። ኬብሉ ተሰክቶ ስላገኘሁት እኔ..."

"ዝጋው" አለችና ራሷ ዘጋችው። ሦስት ሰዓት ሲቀነስለት ፕሮግራሙ የጠፋው ረፋድ ላይ ነው። ረፋድ ላይ ፔንግዊን ግቢው መሃል ሾፌሮች ሲስቁበት ነበር።

ወደ መስኮት ዞረች። "ከትናንት ወዲያ ጠዋት ያለ ምንም ችግር ሠራ ብለሽኛል።"

መስኮት መነጽሯን ገፋችው። መነጽሩ ግን ቦታው ላይ ነበር።

"ያቺን የአዳራሽ ፕሮጀክተር ላስተካክል ወርጄ ነበር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ስመለስ ማሽኑ ጠፍቶ ተነስቷል። ብቻውን የተነሳ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ውጤት ያስቀንሳል። ያ ሰው ደግሞ ይሄን ቢሰማ ዓመት ሙሉ ይዘፍንብኛል። ስለዚህ..."

"ስለዚህ ሰው ሲታሰር ዝም አልሽ።"

"እኔ ምን አውቄ! የጠፋው ከምሳ በኋላ ነው ብላችሁ የለ!" ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔ እኮ እሱን ማሸነፍ እንጂ..."

"ቁልፍ ያለው ማን ነው?"

"እኔ አዳራሽ ነበርኩ። እሱ ግቢ። የቀሩት..." አፏ ተከፍቶ ቀረ። "አይ። እሳቸው ሊኑክስ አይችሉም እኮ።"

ኢንስፔክተሯ ባለሙያው ያተመላትን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ፕሮግራሙን ያጠፋው ትእዛዝ በሁለት ፊደል ይጀምራል። እነዚያኑ ሁለት ፊደሎች ትናንት በአረንጓዴ ቀለም አይታቸዋለች። ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ብሎ ነበር ልጁ። እሷም ሰምታው ነበር። ይህን ሁሉ ሰው እየተመረረች ስትመረምር፣ ሳይመረመር የቀረው ያላስመረራት አንዱ ሰው ብቻ ነው።

*

ጋሼ እንደ ትናንቱ ተነስተው ወንበር ሳቡላት። አልተቀመጠችም።

"ቁልፍዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?"

ከኪሳቸው አወጡት። ከቁልፎቹ ጋር ትንሽ የጥፍር መቁረጫ ታስራለች። ኢንስፔክተሯ የማሰሪያውን ቁራጭ ከአጠገቧ አስቀመጠች። ጎባጣው ቁርጥ ጎባጣው ምላጭ ላይ ልክ ገጠመ።

ጋሼ ቁራጩን በጣታቸው ገለበጡት። "አስራ ታጠብቃለች፣ ይቺ ልጅ" አሉ።

"ሊኑክስ አላውቅም ብለውኛል።"

"ማወቅም አልፈለግኩም። ስነካው ግን የራሴን ቤት በጨለማ እንደመዳሰስ ሆነብኝ።" ተቀመጡ። "በማግስቱ የልጁ ተራ ነበር። ማሽኑ ለየቅርንጫፉ መልእክት ሲልክ ሊያሳይ ነው። መላኪያውን አጥፍቼው አልልክም ቢለው ይስቁበታል። የእሷም ዊንዶውስ ጠዋት ብቻውን ጠፍቶ ተነሳ ይባላል። ሁለቱም ከወደቁ፣ 'የድሮዋ ትንሽ ትቆይ' ይላሉ ብዬ ነው። እኔ እስክወጣ ድረስ። ከዚያማ እንደፈለጉ።"

"ማንቂያው እዚያ እንዳለ..."

"አላወቅኩም።" ይህን ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ። "ትናንት ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ልጁ ሲናገር ነው የሰማሁት። ያን ሌሊት ስልኬ ራስጌዬ ነበረች። አልጮኸችም። ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።"

"ታዲያ ልጁ ሲታሰር ለምን ዝም አሉ?"

"ኮምፒውተሩ ከምሳ በኋላ ነው አለ። እኔ የነካሁት ረፋድ ላይ ነው። እንግዲያው ሌላ ሰው ደግሞ ገብቶ ይሆናል አልኩ። ማሽን አይዋሽም ስል ነው የኖርኩት።"

"አመኑት?"

"ማመን ፈለግኩ።"

ኢንስፔክተሯ መናደድ ፈልጋ ንዴቱን አጣችው። ለሁለት ቀን ለሁሉም ስታድለው የነበረው ንዴት፣ አሁን በሚያስፈልጋት ሰዓት አልቆባታል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ያንንም መናገር ግዴታዋ ይሁን ጭካኔ መለየት አቃታት።

"ማንቂያውን ለምን እንዳዛወረው ነግሮዎታል?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ለእርስዎ ብሎ ነው። ይቺ ስትወገድ ሥራዎ አብሮ እንዳይጣል። አንድ ፊደል አልቀየርኩም ነው ያለኝ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ባለበት ሊያሳይዎት ነበር።"

ጋሼ ወደ ድሮው ሰርቨር ዞሩ። አረንጓዴዎቹ ፊደሎች ፊታቸው ላይ ያንጸባርቃሉ። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ተነሱ፣ ቁልፋቸውን አስረከቡ፣ ስልካቸውንም ከላዩ ላይ አስቀመጡ።

"እንሂድ ልጄ" አሉ።

*

ፔንግዊን የተፈታ ዕለት ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። እህቱ የታጠበ ሸሚዝ በእጇ አንጠልጥላ ከኋላው እየተከተለች፣ "ተው እንጂ! መጀመሪያ ገላህን ታጠብ! ይሄን ሰውነት ይዘህ ሰው መሃል ትገባለህ?" ትለዋለች። እሱ መጋዘኑ ባዶም ቢሆን ያለ ማንቂያ አያድርም ብሏል። ከሩቅ ከተማ የተበደሩት ኢንሱሊን በማግስቱ ይገባል።

ኢንስፔክተሯ ለፊርማ መጥታ ነበር፤ የመጣችበትን ጨርሳ ግን አልሄደችም። መስኮት ፊቷን አዙራ ኬብል ታስራለች። ከፔንግዊን ጋር ገና አልተነጋገሩም።

"አንዴ ጠፍቶ ተነሳ አሉኝ፣ ዊንዶውስሽ" አለ እሱ ድንገት።

"ዝም በል።"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

"ዝም በል አልኩህ!" ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰነጠቀ። እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ማንቂያውን ወደ ድሮው ሰርቨር መለሰው። ከዚያ ማንቂያውን ለመፈተን ወርዶ፣ ሙቀት መለኪያው እንዲሞቅ በመዳፉ ጨብጦ ያዘው። ሁሉም እዚያው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ።

የኢንስፔክተሯ ቦርሳ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ።

የእሷ ስልክ መሰላት። አልነበረም። በማስረጃ ፖስታ ውስጥ የታሸገው የጋሼ ስልክ ነው። በፖስታው ፕላስቲክ በኩል ስክሪኑ በርቷል፦ መጋዘኑ እየሞቀ ነው።

ፔንግዊን መዳፉን ከመለኪያው ላይ አነሳ። ስልኩ ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም፤ የሚያነሳው ሰው እስኪያገኝ እንዲደጋግም ነው የተጻፈው።

"የእሳቸው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ነው ያለው" አለ። "ላውጣው?"

እህቱ ሸሚዙን እንደያዘች፣ መስኮት ማሰሪያዋን እንደያዘች፣ ሁሉም ወደ ኢንስፔክተሯ አዩ።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ!" አለች። "ለሁለት ቀን የጠየቅኳችሁን ሳትመልሱልኝ፣ አሁን ደግሞ እኔን ትጠይቁኛላችሁ?"

ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችውና በሩ ድረስ ሄደች። ከዚያ ቆመች።

"ከሥሩ የእኔን ጻፍ" አለች፣ ሳትዞር። "የእሳቸው እዚያው ይቆይ።"